ሐዋሳ ደርሶ መልስ፣ በስንት ሊትር?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቃሊቲ አካባቢ የናፍጣ ወረፋ ይዘው ያውቃሉ? ልጆቹ ከኋላ ወንበር በጋቢ ተጠቅልለው እንቅልፋቸውን ይጨርሳሉ። ከፊትዎ ያለው አይሱዙ ሞተሩን ስላላጠፋ ጭሱ መስኮትዎ ድረስ ይመጣል። የሐዋሳ መንገድ ገና አልተጀመረም። እርስዎ ግን ስለ ሐይቁም ስለ ዓሣውም ማሰብ ትተው «አሁን ብሞላ ለደርሶ መልስ ይበቃኛል?» እያሉ በልብዎ ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ።

እኛ ቤት ይህ ሒሳብ የጉዞ ሒሳብ ብቻ አልነበረም። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ኑሮውን ሐዋሳ አደረገ። ዐይኑ እየደከመ ሲመጣ ደግሞ ለዓመታት የነዳትን ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ቁልፏን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። «እሷን ይዛችሁ ትመጣላችሁ» አለኝ። መጀመሪያ በየ15 ቀኑ እንሄድ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ሲስተካከል (ማስተካከያ ሲባል ወደ ላይ መሆኑን መቼም ያውቁታል) በወር አንዴ ሆነ። ቀጥሎ በሁለት ወር አንዴ። አንድ እሑድ ደውዬ ልጆቹ ፈተና እንደደረሰባቸው ልነግረው ስጀምር «ሥራ በዝቶባችሁ ነው፤ ይገባኛል» ብሎ ሰበቡን ራሱ ሰጠኝ። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ «ይቺን መኪና እንሽጣት» አልኩት።

ገዢ አላጣንም ነበር። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ለአሮጌ መኪና የሚሰጠው ግምት ተቀይሯል። ለገዢ ለማሳየት ውስጧን ስናጸዳ ግን ከዳሽቦርዱ ኪስ አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር ወጣ። የአባቴ ነው። ነዳጅ በሞላ ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና ሊትሩን ጽፏል። በ1998 ዓ.ም. ለመስክ ሥራ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ሲመላለስ የጻፈው ገጽ ላይ «ደርሶ መልስ፣ በሊትር 10.2» ይላል። እኔ እስከዚያ ቀን ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ «ሰባትም ስምንትም ትሄዳለች» ነበር። ስንት እንደምትሄድ አላውቅም ነበር ማለት ነው።

የእርስዎም መኪና አርጅታ ከሆነ «ያረጀ ሞተር ይበላል» ብለውዎት ይሆናል። እኔንም ብለውኛል። አንድ ጋራዥ ውስጥ ከዚህም አልፈው፣ ኮፈኑን ከፍተው ሁለት ደቂቃ ሳያዩ «ኖዝል ነው፤ ደግሞ ባለቤትሽ ቢመጣ ይሻል ነበር» አሉኝ። አራቱም ኖዝሎች ተቀየሩ። ገንዘቡ ወጣ፤ ፍጆታው ግን ንቅንቅ አላለም። መቀነሱን ወይም አለመቀነሱን እንኳ በእርግጠኝነት ልነግራቸው አልቻልኩም፤ ቀድሜ አልለካሁማ። ስለዚህ ደብተሩን ይዤ፣ ከመሸጣችን በፊት ለአንድ ጉዞ ብቻ ልለካት ወሰንኩ።

አለካኩ ከባድ አይደለም፤ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። ታንኩን ይሞላሉ። ናፍጣ አረፋ ስለሚያወጣ ቀጂው የያዘው ማፍሰሻ መጀመሪያ ጠቅ ብሎ ሲቆም ገና ላይሞላ ይችላል። አረፋው እስኪበርድ ጠብቆ ቀስ ብሎ እንዲጨምር ይጠይቁት። ኪሎ ሜትሩን ይጽፋሉ። ሲደርሱ በዚያው ዓይነት መንገድ እስኪሞላ ያስቀዳሉ፤ የገባው ሊትር የተጓዙበት ነው። ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ቀኑና ብሩ ስልክዎ ላይ ይቀራል፤ ሊትሩን ግን ከማሽኑ ላይ አይተው ራስዎ ይጻፉ። በግማሽ ታንክ፣ በመርፌ ግምት፣ «ባለፈው ይህን ያህል ብር ቀድቼ እዚህ አደረሰኝ» በሚል ስሌት እውነቱ አይገኝም። ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ብሩ ይዋሻል፤ ሊትር ግን ሊትር ነው።

ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱ ውስጥ ሲገቡ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ጠዋት ነው፣ እግር ይከብዳል። ባለቤቴ እየነዳ ነበር። የፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲያሳይ እኔ ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ አየሁ፤ 105 ይላል። ትንሽ ቆይቼ ኪሎ ሜትሩን አመሳከርኩ። በስልኩ 20 ስንሄድ የመኪናዋ ቆጣሪ 19 ላይ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ መካኒክ አላስፈለገም፤ ባለቤቴ ራሱ ፈገግ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት «መልኳ ይመር» ብሎ ከፋብሪካው ልክ የሰፋና ከፍ ያለ ጎማ አስገጥሞላት ነበር። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ቆጣሪው የተሄደውን አሳንሶ ይጽፋል። በደብተር ስናሰላ መኪናዋ ከእውነቱ በላይ የምትበላ ትመስላለች። እርስዎም ጎማ ቀይረው ከሆነ መኪናዎን ከመውቀስዎ በፊት ይህን ያስሉ።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር፣ ሐዋሳ ደግሞ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ነው የተቀመጠችው። ሲሄዱ 600 ሜትር ያህል ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ያንኑ ይወጣሉ። ልጆች ይዞ፣ ዕቃ ጭኖ 2 ቶን የሚሆን መኪና 600 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ 1 ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈጃል። ስለዚህ ሐዋሳ ሲደርሱ «ዛሬስ ቆጠበችልኝ» ብለው አይደሰቱ። ደርሶ መልሱን ደምሮ ማካፈል ነው ትክክለኛው፤ አባቴም እንዲያ ነበር የሚጽፈው።

ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን በአዲሱ መንገድ ወደ ባቱ ቀጠልን። ይህንን መንገድ እወደዋለሁ። ግራር የተበተነበት ሜዳ፣ የቆቃ ሐይቅ ከሩቅ ሲያብለጨልጭ፣ የመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት። የድሮውን መንገድ የሚያውቅ ሰው በየከተማው ባጃጅና ጋሪ ሲጠብቅ የነበረውን ያስታውሳል። አሁን ሰተት ነው። ግን ሰተት ያለ መንገድ ለአሮጌ ናፍጣ ወጥመድ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነት ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ዕጥፍ ብዜት ነው የሚያድገው፤ ከ85 ወደ 105 ሲጨምሩ አየሩ የሚገፋዎት ኃይል በግማሽ ያህል ይጨምራል። ፒክአፕ ደግሞ ነፋስ እንዲሰነጥቅ አልተሠራም። እኛ ከላይ ፖርቶ መጋላ ጭነናል፤ ያውም ባዶ! ከገና ጀምሮ ያልወረደ።

ጊዜውስ? 100 ኪሎ ሜትር በ105 ሲሄዱ 57 ደቂቃ፣ በ85 ሲሄዱ 71 ደቂቃ ይወስዳል። ልዩነቱ 14 ደቂቃ ነው፤ ባቱ ላይ አንድ ቡና።

ባቱ ቡና ስንጠጣ ነበር ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል» ያለችው። ዞር ዞር ብዬ እጄን ወደ ጎማዎቹ ጠጋ አደረግሁ (አይንኩት፣ ጠጋ ብቻ)። ሦስቱ ለብ ብለዋል። የኋላ ቀኙ ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል። ፍሬኑ ይዞ ኖሯል። መኪናዋ ከቃሊቲ ጀምሮ ፍሬን ተረግጦባት ነበር ማለት ነው የመጣችው። ኖዝል ያስቀየሩኝን ሰዎች እዚያው ላይ አስታወስኳቸው።

ከላንጋኖ መገንጠያ አልፈው ወደ አርሲ ነገሌ ሲያቀኑ መንገዱ ሳይታወቅ ይወጣል፤ 400 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። በግራ ላንጋኖ ቡናማ ውኃውን ዘርግቶ ይቀራል፤ በቀኝ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ፓርክ ነው። እኔ ግን የማየው የኋላ መስታወቱን ነበር። ባለቤቴ ቤንዚሉን አጥብቆ ሲረግጥ ጥቁር ጭስ ከኋላችን ይፈነዳል። ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ከፍለውበታል፣ ጉልበት ሳይሰጥዎት በማርሚታው ሄደ። የእኛ መኪና ‹5ኤል› የሚባለው ባለ 3 ሊትር ሞተር ነው ያላት፤ ቱርቦ የላትም፤ አየር የምትስበው በራሷ ሳንባ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲወዳደር አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሳስቶ ናፍጣው እንደ ቆላው ከፈሰሰ ወይም አንድ ሰው «ጉልበት ይኑራት» ብሎ የፖምፓውን ቡሎን ከጨመረ፣ ትርፉ ጭስ ነው። የአየር ፊልትሮውም በስምጥ ሸለቆ አቧራ ከታፈነ እንዲሁ።

ሻሸመኔን በሞተር ሳይክሎችና በባጃጆች መካከል አልፈን ወደ ሐዋሳ መውረድ ስንጀምር ባለቤቴ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ ለቀቃት። «ናፍጣ እንቆጥብ» ነው። ይህን ብዙ ሾፌር ያደርገዋል፤ አባቴም ወጣት ሳለ ያደርገው እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። በፎሌ ሲለቋት ሞተሩ እንዳይጠፋ እየጠጣ ይዞራል። ማርሽ ውስጥ እንዳለች እግርዎን ከቤንዚል ላይ ቢያነሱ ግን ጎማው ሞተሩን ይገፋዋል፤ ፖምፓውም ናፍጣ መስጠቱን ያቆማል። ፍጆታው ዜሮ። በዚያ ላይ ሞተሩ መኪናዋን ስለሚይዛት ፍሬንዎ አይግልም። በፎሌ መውረድ ናፍጣም አይቆጥብ፣ ነፍስም ያስከፍላል። ክርክሩን እዚያው መኪና ውስጥ አልጨረስነውም፤ ማርሹን ግን መለሰው።

ሐዋሳ ስንደርስ 34 ሊትር ገባ። ስንመለስ 36.5። በድምሩ 70.5 ሊትር ለ550 ኪሎ ሜትር፤ በሊትር 7.8 ማለት ነው። የአባቴ ደብተር 10.2 ይላል። ልዩነቱ እርጅና ብቻ ሊሆን አይችልም ብዬ ወሰንኩ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ጋራዣቸው ጋራዥ አይባልም፤ የአጥር ጥግ ነው። የጻፍኩትን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ኮፈኑን ሳይከፍቱ «ልጄ፣ እስኪ አስነሽና አንድ ዙር እንሂድ» አሉ። ሃያ ደቂቃ ነድተን ወደ ሙቀት መርፌው አመለከቱኝ። ከታች ተነስታ ሩብ ላይ ቆማለች። ለዓመታት እንዲያ ስለሆነች ጤንነት መስሎኝ ነበር። «ቴርሞስታት የላትም» አሉኝ።

ይህን ነገር ትንሽ ላብራራልዎት፤ ምክንያቱም የእርስዎም ላይ የመኖሩ ነገር አይቀርም። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ በር ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ መኪና ይፈላብኛል የሚለው ፍርሃት ከዚያ ይመጣ ይሆናል። ብዙ መካኒክ ሞተር አንዴ ሙቀት ካመጣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ራዲያተሩ ግን በክዳኑ ግፊት ይዞ ስለሚሠራ ውኃው ቶሎ አይፈላም። በሩ ከሌለ ሞተሩ መንገዱን ሙሉ ሳይሞቅ ይሄዳል። ዘይቱ ወፍራም እንደሆነ ይቀራል፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ የሚገኘው ሙቀት ጉልበት ሳይሆን ለራዲያተር ይሆናል። አዲስ ቴርሞስታት ከአራት ኖዝል ዋጋ ጋር ሲተያይ የሚያሳፍር ነው። በፊት ግን ራዲያተሩ ንጹሕ መሆኑን፣ ክዳኑም ግፊት መያዙን ማስፈተሽ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መጀመሪያ ያስወጣው ችግር ይመለሳል።

ሽማግሌው ቀጥለው የኋላ ቀኝ ጎማውን በክሪክ አንስተው በእጃቸው አዞሩት። ግማሽ ዙር ሳይሄድ ቆመ። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ዝጎ ተጣብቆ፣ ሲለቀቅ የማይመለስ ሆኗል። ይህን እርስዎም ቤትዎ ደጃፍ መሞከር ይችላሉ፤ መኪናው ሜዳ ላይ ሆኖ፣ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው። የፖምፓውን ቡሎን ጭሱ እስኪቀንስ መለሱት፤ አቀበት ላይ ትንሽ እንደምትለግም አስቀድመው ነገሩኝ፤ እውነትም ትለግማለች። የአየር ፊልትሮው በአየር ቢነፋም የማይድን ሆኖ ተቀየረ። ጎሚስታው ዘንድ ደግሞ በበሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ልክ አንዱ ጎማ 8፣ ሌላው 10 አንሶ ተገኘ። ንፋስ ጠዋት ጎማው ሳይግል ያስለኩ፤ ነድተው ከመጡ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ያን አይተው አያስቀንሱ። ፖርቶ መጋላውን አወረድነው። ትልልቆቹን ጎማዎች ገና እስኪያልቁ እንጠቀምባቸዋለን፤ መልኳ አማረ አይደል።

ሁለተኛው ጉዞ ላይ እኔ ነዳሁ። በስልኩ 85 ላይ ያዝኳት። አንዳንድ ሚኒባስ በጥሩምባ እያጣደፈ አለፈኝ፤ ቀኙን ይዤ ዝም። ሞተሩ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር መካከል ሲሆን ድምፁ ራሱ ይነግርዎታል፤ አያጉረመርምም፣ አይጮኽም። ጠዋት ስናስነሳ እንደ ድሮው ሩብ ሰዓት ቆማ እንድትሞቅ አላደረግሁም። ናፍጣ ሞተር ቆሞ ብዙም አይሞቅም፤ ቆሞ ሲንተከተክ ግን በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ሊፈጅ ይችላል። ቀስ ብለው እየነዱ ማሞቅ ይሻላል። ማደያው ወረፋ ላይም አጠፋሁት። ከፊቴ ያለው አይሱዙ አላጠፋም።

ባቱ ላይ አራቱን ጎማዎች በእጄ ጠጋ ብዬ አየሁ፤ አራቱም እኩል ለብ ብለዋል። ልጆቹ ከመንገድ ዳር ፓፓያ ገዙ። ላንጋኖ አካባቢ ቆመን እግራቸውን አፍታቱ። በፊት «እንዳይመሽብን» እያልን ነበር የምናልፈው፤ አሁን በዝግታ ስለምንሄድ ነው መሰል ሁሉም ነገር ይታያል። አርሲ ነገሌ አቀበት ላይ የኋላ መስታወቴ ውስጥ የነበረው ሰማይ ብቻ ነበር። የሙቀት መርፌዋም መሃል ላይ ቆማለች፤ መጀመሪያ ላይ ደንግጬ ሁለት ጊዜ ልቆም ነበር።

ሐዋሳ 26.5 ሊትር ገባ።

አባቴን ይዘነው አሞራ ገደል ሄድን። ሐዋሳ ከደረሱ እዚያ ሳይሄዱ አይመለሱ፤ ጀልባዎቹ ጠዋት ያወጡትን ቆሮሶ ፊትዎ ይዘለዝሉታል፤ ጥብስ ወይም ሾርባ ያዝዛሉ፤ ራሰ በራዎቹ ትልልቅ ወፎች ደግሞ ልክ እንደ ተጠራ እንግዳ ጎንዎ ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። አባቴ ዓሣውን በዳጣ እያጠቀሰ «ስንት ፈጀች?» አለ። ነገርኩት። እጁን ዘርግቶ ደብተሩን ጠየቀ። ፊደሉ እንደማይታየው እያወቀ ገጹን ገልብጦ በጣቱ ዳሰሰው። «አንቺ ጻፊው፤ ግን መልሱን ሳትደምሪ አትጻፊ» አለኝ።

መልሱ 29 ሊትር ሆነ። 55.5 ሊትር ለ550 ኪሎ ሜትር፤ በሊትር 9.9። በአንድ ደርሶ መልስ 15 ሊትር ተረፈ። ማታ ደውዬ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «በአራት ጉዞ የተረፈው የአምስተኛውን ይከፍላል ማለት ነው» አለኝ። እኔ የቢዝነስ ዲግሪ ይዤ እንዲያ አላሰብኩትም ነበር።

መኪናዋን አልሸጥናትም። በየ15 ቀኑ መሄድ ግን አልተመለሰም፤ እዚያ የሚያደርስ ቴርሞስታት የለም። በወር አንዴ እንሄዳለን። ከፊት በኩል አንድ ኩሽኔታ መጮኽ ጀምሯል፤ ሽማግሌው ቅዳሜ ጠዋት አምጪያት ብለውኛል። የሚቀጥለው ጉዞ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው፤ አባቴ ቀኑን አውቆታል።